ጨው፣ ዘይትና እግር፦ ልብንና የደም ዝውውርን በቤት ውስጥ የመጠበቅ ዝርዝር መመሪያ

«ልብን በተፈጥሮ መንገድ መጠበቅ» ሲባል አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚያስበው ነጭ ሽንኩርት፣ ሽፈራውና ጥቁር አዝሙድ ነው። ክፋት የላቸውም። ነገር ግን ጠዋት በባዶ ሆዱ ነጭ ሽንኩርት የዋጠ ሰው ምሳውን ጨው የበዛበት ሽሮ በልቶ ከሰዓቱን ወንበር ላይ ከዋለ ለልቡ ያተረፈለት ነገር የለም። ግፊትን በእርግጥ የሚያወርዱትና የደም ሥርን የሚጠብቁት ነገሮች ብዙም አያጓጉም፦ ጨው መቀነስ፣ ዘይትን በማንኪያ መለካት፣ በየቀኑ መራመድ፣ ግፊትን በሥርዓቱ መለካት። ከነዚህም ውስጥ በእኛ ቤት ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ጨው ስለሆነ ሰፊውን ቦታ የሰጠነው ለእሱ ነው።

ሐኪም ያዘዘልዎት የግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ መድኃኒት ካለ፣ እዚህ የተጻፈው ሁሉ ከመድኃኒቱ ጋር የሚደረግ እንጂ መድኃኒቱን የሚተካ አይደለም። ግፊት ሲጨምር ብዙውን ጊዜ አያምም፤ «አሁንማ ደህና ነኝ» ብሎ ክኒኑን የሚተው ሰው ደህና የሆነው ክኒኑን ስለወሰደ ነው። ክብደትና ጨው ሲቀንሱ ግፊቱ ወርዶ መድኃኒቱ የሚቀነስበት ጊዜ አለ። ያንን የሚወስነው ግን የልኬት ማስታወሻዎን ያየው ሐኪም ነው።

መጀመሪያ ይለኩ

የቤት መለኪያ ከገዙ ከእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ትተው ክንድ ላይ የሚታሰረውን አውቶማቲክ ይምረጡ። ከመግዛትዎ በፊት በትከሻና በክርን መካከል ያለውን የክንድዎን ዙሪያ በሜትር ይለኩ። ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው መጠቅለያ ብዙውን ጊዜ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ የተሠራ ነው። ክንድዎ ከዚያ ከወፈረ ትልቁን መጠቅለያ ይጠይቁ፤ ጠባብ መጠቅለያ የሌለ ግፊት ያሳያል።

1. ከመለካትዎ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና፣ ሲጋራ፣ ጫትና ስፖርት አይኑር። ሽንት ከያዝዎት ይውጡ፤ የሞላ ፊኛ ብቻውን ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።
2. መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ጀርባዎን ደገፍ አድርገው፣ ሁለቱን እግሮች መሬት አስረግጠው፣ ሳያነባብሩ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ዱካና የአልጋ ጠርዝ ለዚህ አይሆኑም።
3. ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትክክል ያሳርፉ። መጠቅለያው ባዶ ቆዳ ላይ፣ ከክርን መታጠፊያ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታሰር። ሹራብ ላይ ማሰር ስሕተት ነው፤ እጅጌን ጠቅልሎ ክንድን ማነቅም እንዲሁ።
4. መሣሪያው እየሠራ ሳለ አያውሩ፤ ስልክም አያንሡ።
5. አንድ ደቂቃ ጠብቀው ይድገሙ፤ ሁለቱንም ቁጥር ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይጻፉ።
6. ይህን ለ7 ቀን፣ ጠዋት ከመድኃኒትና ከቁርስ በፊት፣ ማታ ደግሞ ከመኝታ በፊት ያድርጉ። የመጀመሪያውን ቀን ጥለው የቀሪውን አማካይ ያውጡ።

ቤት ውስጥ የተለካ አማካይ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ ማለት ነው። በጤና ተቋም የሚለካው ላይ መስመሩ 140/90 ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለኩ ሁለቱንም ክንድ ይሞክሩና ከዚያ በኋላ ከፍ ያለውን ያሳየውን ብቻ ይጠቀሙ። በሁለቱ መካከል ከ15 የበለጠ ልዩነት እየተደጋገመ ከታየ ለሐኪም ይንገሩ።

ብዙ ሰው የሚለካው ራሱን ሲያመው ነው። ራስ ምታት የግፊት መለኪያ አይደለም፤ 170 ሆኖ ምንም የማይሰማው ሰው ሞልቷል። የጤና ጣቢያውን ደረጃ ወጥቶ እያለከለከ መለካትም ያሳስታል። አንድ ከፍ ያለ ቁጥር ዓይቶ ደንግጦ በተከታታይ አሥር ጊዜ መለካት ደግሞ ድንጋጤውን ራሱን መለካት ነው።

በዚያው የልብ ምትዎንም ይቁጠሩ፦ ሁለት ጣት በአውራ ጣት በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ አድርገው 30 ሰከንድ ይቁጠሩና በ2 ያባዙ። ቁጭ ብሎ ያረፈ አዋቂ ከ60 እስከ 100 ነው፤ ስፖርት የሚያዘወትር ሰው ሊያንስ ይችላል። ምቱ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት እያለ ሥርዓት ካጣ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩት፤ እንደዚያው ከሆነ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግብ ምርመራ) መነሣት ያስፈልጋል። የወገብ ዙሪያዎ ደግሞ ከቁመትዎ ግማሽ እንዳይበልጥ ነው፤ 170 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 85።

ጨው፦ ሳይታይ ሦስት ጊዜ የሚገባው

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ ወጥ ውስጥ ያለውም፣ ዳቦ ውስጥ ያለውም፣ ሁሉም ተደምሮ። ይህ በሻይ ማንኪያ ለጥ ተደርጎ አንድ ነው። ሰውነት ትርፍ ጨው ሲገባበት ውኃ ይይዛል፤ በደም ሥር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይጨምራል፤ ልብ በበለጠ ኃይል መግፋት ይኖርበታል። ይህ ለዓመታት ሲቀጥል የደም ቅዳዎቹ ግድግዳ ይወፍራል፣ ይደርቃል፤ ኩላሊትም አብሮ ይጎዳል።

የእኛ ማድ ቤት ችግር ጨው የሚገባበት ቦታ ብዛቱ ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። ሽሮው ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ጨው ይገባበታል። ከዚያ ወጡ ሲሠራ ጨው ይጨመራል፤ ገበታው ላይም ሚጥሚጣው ወይም ዳጣው ጨዋማ ነው። ሠሪዋ «እኔ ትንሽ ነው የምጨምረው» ስትል እውነቷን ነው፤ ሌላው ከወራት በፊት ገብቶ አድሯል።

ቤተሰብዎ ምን ያህል እንደሚበላ ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንድ ኪሎ ጨው ሲከፍቱ ቀኑን ማሸጊያው ላይ ይጻፉ። አምስት አዋቂ በቀን 25 ግራም ነው የሚፈቀድለት፤ ስለዚህ ኪሎው ቢያንስ 40 ቀን መቆየት አለበት፤ ያውም በርበሬውና ሽሮው ውስጥ የገባውን ጨምሮ። ልጆች ካሉ ከዚያም ይረዝማል። በ20 ቀን ካለቀ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ እጥፍ ሆኗል ማለት ነው።

አቀናነሱ እንዲህ ነው፦

የሚቀጥለውን በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ያስፈጩ። «ይበላሻል» የሚለው ስጋት የሚመጣ ከሆነ፣ በርበሬን ከሻጋታ የሚጠብቀው በደንብ መድረቁና እርጥበት በማያስገባ ዕቃ መቀመጡ ነው። ከመፈጨቱ በፊት ዛላው በእጅ ሲጨብጡት ተንኮሻኩሾ መሰበር አለበት፤ ከታጠፈ ገና ነው። ጨው ያለበት በርበሬና ሽሮ አሁን በእጅዎ ካለ አይጣሉት፤ ወጡ ላይ ግን ምንም ጨው ሳይጨምሩ አብስለው፣ ከእሳት ሊወርድ ሲል ይቅመሱት። የሽሮ ወጥ አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ አይፈልግም።

ጨው በጣት መቆንጠር ይቅርና በማንኪያ ይለካ። ለአምስት ሰው ለአንድ ማዕድ የሚሠራ ወጥ ከሁሉም ምንጭ ተደምሮ ከአንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ ነው፤ በርበሬው ጨው ካለበት ግማሽ ማንኪያ ይበቃል። የሚጨመረውም መጨረሻ ላይ ይሁን። መጀመሪያ ላይ የተጨመረ ጨው ወጡ እየተመጠጠ ሲሄድ እየበረታ ይመጣል። በዚያ ላይ አዮዲን በሙቀት ስለሚቀንስ መጨረሻ ላይ መጨመሩ እሱንም ያተርፋል።

በአንድ ቀን ግማሹን ከቀነሱ ቤተሰቡ ያምጻል፤ ጨው ማስቀመጫውም ገበታ ላይ ይመጣል። በየሁለት ሳምንቱ ሩብ ይቀንሱ። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል፤ ከሁለት ወር በኋላ የድሮው ወጥ ራሱ ይመርራል። የጎደለውን ጣዕም የሚሞላው ቅመም ነው፦ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በዛ አድርጎ፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጦስኝ፤ ለአልጫ እርድ፤ ለምስርና ለጎመን ከእሳት ከወረደ በኋላ የሚጨመቅ ሎሚ። ጨውን በጣዕም ለመተካት እንደ ሎሚ የሚሆን የለም።

የሾርባ ኩብ ግማሽ ያህሉ ጨው ስለሆነ ከማድ ቤት ማስወጣት ይሻላል። ቡና በጨው የሚጠጣበት ቤትም ጨውን ከዕለቱ ድርሻ ይቁጠረው። ሮዝ የሂማላያ ጨውም ሆነ አሞሌ ሶዲየማቸው ያው ነው፤ አሞሌ ደግሞ አዮዲን አልተጨመረበትም። «ጨውነቱ የቀነሰ» ተብሎ የሚሸጠው፣ በፖታሲየም የተተካው፣ ለብዙ ሰው ጥሩ ነው፤ ኩላሊቱን ለሚያመው፣ ወይም እንደ ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታንና ስፓይሮኖላክቶን ያሉ መድኃኒቶችን ለሚወስድ ሰው ግን ፖታሲየም ደሙ ውስጥ ተከማችቶ የልብ ምትን ሊያናጋ ስለሚችል ሳይጠየቅ አይጀመርም።

አሜሪካና አውሮፓ ለሚኖር ሰው አብዛኛው ጨው የሚገባው ከወጡ ይልቅ ከታሸገ ምግብ ነው፦ ከዳቦ፣ ከአይብ፣ ከተቀነባበረ ሥጋ፣ ከቆርቆሮ ሾርባ። መለያው ላይ ሶዲየም በሚሊ ግራም ከተጻፈ በ2.5 አባዙት፤ ጨው ይሆናል። በ100 ግራም ውስጥ ከ600 ሚሊ ግራም በላይ ሶዲየም ያለው ምግብ ጨው የበዛበት ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀት ውስጥ ውጪ እየሠሩ ቀኑን ሙሉ የሚያልቡ ሰዎች ግን፣ በተለይ ሽንት የሚያስወጣ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ከተቀመጡበት ሲነሡ ማዞር ከጀመራቸው ጨው መቀነሱን ገታ አድርገው ያማክሩ።

ዘይትና ቅቤ

ዘይት ከጀሪካን በቀጥታ ወደ ድስት መገልበጥ የለበትም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ነው፤ ግማሽ ብርጭቆ ያለ ስሌት ሲገባ ወጡ ጤናማ ምስር ቢሆንም ክብደት ይጨምራል። ለአምስት ሰው ወጥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ የደረቅ ቁሌት ዘዴ ነው። በደቃቁ የተከተፈውን ሽንኩርት በደረቅ ድስት በመካከለኛ እሳት ያቁላሉ፤ ሊይዝ ሲል ውኃ ጠብ ጠብ ያድርጉበት፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ሽንኩርቱ ከስቶ ቡናማ ሲል ዘይቱን፣ ከዚያ በርበሬውን ይጨምሩ። ወጥ ዘይት የሚበላው ሽንኩርቱ ሳይበስል ዘይቱ ሲቀድም ነው።

የትኛው ዘይት? ኑግ፣ ሱፍ፣ ሰሊጥ፣ አኩሪ አተርና የወይራ ዘይት ይመረጣሉ። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርገው የረጋ ስብ ነው። መለያው ባይነበብ እንኳ በአዲስ አበባ የክረምት ጠዋት ያስታውቃል፤ ጀሪካኑ ውስጥ ደፍርሶ ወይም ረግቶ ያድራል። ሳምቡሳ የተጠበሰበት ዘይት ጠቁሮ፣ ሸትቶ፣ አረፋ እያወጣ ከሆነ ተመልሶ ወጥ ውስጥ መግባት የለበትም።

ንጥር ቅቤ ከግማሽ በላይ የረጋ ስብ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ወደ 8 ግራም ይይዛል፤ ለአብዛኛው አዋቂ የቀኑ ጣሪያ 20 ግራም አካባቢ ነው። ክትፎ ውስጥ የሚገባውን ሲያስቡት ጣሪያው በአንድ ሳህን ይሞላል። ቅቤን ከሕይወት ማስወጣት አያስፈልግም። ወጡን በዘይት ሠርተው፣ ሲወርድ ለመዓዛ አንድ የሻይ ማንኪያ ጠብ ማድረግ ቅቤ የገባበት ለማስመሰል ይበቃል። ሙሉ የቅቤ ወጥ ለበዓል ይቆይ። በዓሉ ራሱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ከ55 ቀን ጾም በኋላ በፋሲካ ዕለት ዶሮ፣ ክትፎና ጠላ አከታትሎ መውሰድ የልብ ድካም ላለበት ሰው በጨውና በፈሳሽ ብዛት ትንፋሹን ሊያሳጥረው ይችላል። ትንሽ ትንሽ፣ በተለያየ ሰዓት።

ገበታው ላይ የሚጨመረው

ጾም ለልብ የሚመች ምግብ አለው፤ ምስር፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ የጤፍ እንጀራ። ቃጫቸው ኮሌስትሮል ይቀንሳል፤ ፖታሲየማቸው ደግሞ ኩላሊት ጨውን እንዲያስወጣ ያግዛል። ጾሙን የሚያበላሹት ጥብስ ድንች፣ ነጭ ዳቦ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ቦምቦሊኖ ናቸው። ከእንጀራው ግማሽ ቀንሶ ጎመንና ቀይ ሥር መጨመር ብዙ ያስተካክላል።

ቀይ ሥር ውስጥ ያለው ናይትሬት የደም ሥርን የሚያላላ ንጥረ ነገር ይሆናል፤ ግፊትንም በመጠኑ ይቀንሳል። ተልጦ ተቆራርጦ ከተቀቀለና ውኃው ከተደፋ ብዙው ናይትሬት አብሮ ይደፋል። ከነልጣጩ በእንፋሎት ያብስሉት ወይም ጥሬውን ይፍቁት። ሽንት ሐምራዊ ቢሆን አይደንግጡ። ናይትሬቱን የሚለውጡት አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስለሆኑ ጀርም ገዳይ የአፍ መጉመጥመጫ በየቀኑ የሚጠቀም ሰው ጥቅሙን ያጣዋል። የኩላሊት ጠጠር ያስቸገረው ሰው ግን ቀይ ሥር አያብዛ።

ተልባ በሙሉ ፍሬው ከተዋጠ እንዳለ ይወጣል። ለስለስ ባለ እሳት አምሰው ይፍጩት፤ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ በቀን፣ በብዙ ውኃ። ዘይቱ ቶሎ ስለሚኮመጥጥ የሚፈጨው ለሳምንት የሚበቃ ብቻ ይሁን፤ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። ፈሳሽ ሳይበቃው ከተወሰደ ሆድ ያደርቃል፤ መድኃኒት የሚውጥ ሰው ከተልባው ሁለት ሰዓት ያህል ያራርቀው።

እስከ 9 ሰዓት የሚጾም፣ ወይም ረመዳንን የሚጾም ሰው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ መዝለል የለበትም። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን «ሰዓቱን እንዴት ላድርገው?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ብዙዎቹ የግፊት መድኃኒቶች በቀን አንዴ የሚወሰዱ ስለሆኑ ወደ ማታ ይዛወራሉ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል፤ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላልና።

እርምጃ

ግቡ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው፤ በአምስት ቀን ሲካፈል 30 ደቂቃ። ፍጥነቱን ለማወቅ፣ ማውራት እየቻሉ መዝፈን ካቃተዎት ልክ ነው። ማውራትም ካቃተዎት በዝቷል። ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ደልዳላ መንገድ ላይ 10 ደቂቃ ይሂድ፤ በሦስተኛውና በአራተኛው 20፤ ከዚያ 30። በመጀመሪያው ሦስት ደቂቃና በመጨረሻው ሦስት ደቂቃ ቀስ ማለት ያስፈልጋል፤ በፍጥነት ሲሄዱ ቆይተው ድንገት ከቆሙ ደም እግር ላይ ይቀርና ያዞራል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ከ3,000 ያልፋል። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለእረፍት የመጣ ሰው በማግሥቱ እንጦጦ ልውጣ ካለ ልቡ ይመታል፣ ይደክመዋል። አራት አምስት ቀን በሜዳ ይራመድ። የታክሲ ጭስ ከመብዛቱ በፊት መውጣትም ይመረጣል፤ ጭስ፣ የከሰልና የማገዶ ጭስን ጨምሮ፣ የደም ሥርን ይጎዳል። ማድ ቤቱ መስኮት ይኑረው።

ግፊትን በማውረድ በኩል ጥሩ ውጤት ያሳየ አንድ ቀላል እንቅስቃሴ አለ። ጀርባዎን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ያህል ጉልበትዎን አጥፈው ይቆዩ። 30 ሰከንድ ይጀምሩ፤ በሳምንታት ውስጥ 2 ደቂቃ ያድርሱ። አራት ጊዜ፣ በመካከሉ 2 ደቂቃ ዕረፍት፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ትንፋሽ አይያዝ፤ ትንፋሽ ሲያዝ ግፊት በድንገት ይወጣል። ግፊቱ ገና በቁጥጥር ሥር ያልዋለለት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሳያማክር አይጀምረው።

እግር ላይ ደም ሲዘገይ

ደም ከእግር ወደ ላይ የሚመለሰው በባት ጡንቻ ጭምቂያ ነው፤ ደም መልሶቹ ውስጥ ያሉት ክዳኖች ደግሞ ወደ ታች እንዳይመለስ ይይዙታል። ቀኑን ሙሉ የሚቆም ዘበኛና ፀጉር ሠሪ፣ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ ሾፌርና ልብስ ሰፊ፣ ሁለቱም ጡንቻውን ስለማያሠሩት እግራቸው ማታ ያብጣል። በየ45 ደቂቃው ይነሡ፤ ወንበር ይዘው ተረከዝዎን 20 ጊዜ ከፍ ዝቅ ያድርጉ። መነሣት ካልተቻለ ቁጭ እንዳሉ ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች ማጠፍም ይሠራል። ማታ እግርን ትራስ ላይ ከልብ ከፍ አድርጎ 15 ደቂቃ መተኛት እብጠቱን ያወርዳል። የሚያጠብቅ ካልሲ የሚለበሰው ጠዋት፣ እግር ሳያብጥ ነው፤ ጫፉ ከታጠፈ ገመድ ሆኖ ያንቃል።

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ዓይነት ረጅም በረራ ላይ በየሰዓቱ ተኩል ተነሥተው መተላለፊያው ላይ ይመላለሱ፤ ውኃ ይጠጡ፤ እንቅልፍ የሚያስወስድ ክኒን ውጠው ስምንት ሰዓት እግር አጥፈው አይደሩ።

እብጠት ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለቱም እግሮች ማታ አብጠው ጠዋት ከጎደሉ የመቆም ነገር ሊሆን ይችላል። አምሎዲፒን የሚባለው በብዛት የሚታዘዝ የግፊት መድኃኒትም ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፤ አያቋርጡት፣ ይንገሩ። ሁለቱ እግር አብጦ፣ በጀርባ ሲተኙ ትንፋሽ ካጠረ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁለት ኪሎ ከተጨመረ የልብ ድካም ምልክት ነው። አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከሞቀና ባቱን ካመመ ደም ረግቶበት ሊሆን ይችላል። ይህን እግር ወጌሻ አያሸው፤ የረጋው ደም ተፈንቅሎ ሳንባ ላይ ሊገባ ይችላል። በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።

ሲራመዱ ባትዎን የሚያምዎት፣ ሲቆሙ የሚተው ሕመም ደግሞ የደም ቅዳ መጥበብ ነው። ሕክምናው በከፊል ራሱ እርምጃው ነው፦ ሕመሙ እስኪበረታ መሄድ፣ እስኪተው ማረፍ፣ እንደገና መሄድ፤ በአጠቃላይ 30 እስከ 45 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቢያንስ ለሦስት ወር። ለዚህ ሰው የሚያጠብቅ ካልሲ አይሰጥም፤ ሲጋራም ፈጽሞ አይጨስም። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ የበረደውን እግሩን ሙቅ ውኃ ውስጥ አይክተት፤ ስሜቱ ስለደነዘዘ ሳያውቅ ይቃጠላል።

ቡና፣ ጫት፣ መጠጥ፣ እንቅልፍ

ቡና ለአብዛኛው ሰው ጠላት አይደለም። ግፊትን ለጥቂት ሰዓት ከፍ ያደርጋል፤ ለለመደው ያነሰ። ይሁን እንጂ በጀበና የፈላ፣ በወረቀት ያልተጣራ ቡና ኮሌስትሮል የሚጨምር ቅባት አለው። ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለበት ሰው አቦልን ጠጥቶ ቢያቆም፣ ወይም ሌላውን ቀን በወረቀት ማጣሪያ ቢጠጣ ይጠቅመዋል። በጀበናው ከሆነ ደግሞ ቡናው በደንብ ይረፍ፤ ለመቅዳት አይቸኩሉ።

ጫት የልብ ምትንም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ ልብ ያመመው ሰው ሊተወው ይገባል። አረቄና ጠጅም ግፊት ይጨምራሉ፤ «ቀይ ወይን ለልብ» ተብሎ መጠጥ መጀመር የለበትም። በሌሊት እያንኮራፋ ትንፋሹ ቆም የሚልበት፣ ቀን የሚያንቀላፋ ሰው ግፊቱ በመድኃኒት አልወርድ የሚለው በዚሁ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ይንገር።

ዕፅዋትና መድኃኒት ሲገናኙ

ነጭ ሽንኩርትና ከርከዴ ግፊትን በመጠኑ ይቀንሳሉ፤ ምግብና ሻይ ሆነው ይወሰዱ። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጎመን የተከለከለ አይደለም፤ ግን በየሳምንቱ መጠኑ አንድ ይሁን። ለወር ሳይበላ ቆይቶ በጾም በየቀኑ ከጀመረ መድኃኒቱ ይደክማል፤ ድንገት ካቋረጠ ደግሞ ይበረታና ያደማል። የተጨመቀ የነጭ ሽንኩርት ክኒንም አብሮ አይሄድም። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ለወገብ ሕመም የሚገዛው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ነው፤ ጨውና ውኃ አስይዘው ግፊት ይጨምራሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ። ግፊት ላለበት ሰው ለአልፎ አልፎ ሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ውኃ ውስጥ ሲጨመር አረፋ እያወጣ የሚሟሟው ዓይነት ግን ሶዲየም ስላለበት አይሁን።

የልጆች ጉሮሮ

በአገራችን የወጣቶች ልብ የሚጎዳበት አንዱ ትልቅ መንገድ ግፊት ሳይሆን የጉሮሮ ሕመም ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ሳል ሳይኖረው ድንገት ጉሮሮውን ካመመው፣ ካተኮሰውና የአንገቱ ዕጢ ካበጠ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ካልታከመ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሩማቲክ ትኩሳት የሚባለው በሽታ ሊከተል ይችላል፤ መገጣጠሚያው እየተዘዋወረ ያብጣል፤ የልብ ክዳኖቹም ሊጎዱ ይችላሉ። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተጀመረና የአፍ መድኃኒት ከሆነ 10 ቀኑ ሙሉ ከተወሰደ ይህ ይከለከላል። እንጥል ማስቆረጥ አይከላከልለትም፤ ደም መፍሰስና ቁስል ብቻ ያመጣል። ልቡ የተነካ ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው መርፌ ለዓመታት ነው፤ «ዳነ» ተብሎ ሲቆም በሽታው ተመልሶ ክዳኑን የበለጠ ሊያበላሸው ይችላል።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ደረት ላይ እንደ ድንጋይ የተጫነ ሕመም ከ10 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ፣ ላብና ማቅለሽለሽ ካለው የልብ ድንገተኛ ሕመም ነው ብላችሁ ተነሡ። ሴቶችና ስኳር ያለባቸው ሰዎች ሕመሙ ሳይኖር ትንፋሽ ማጠርና ከባድ ድካም ብቻ ሊሰማቸው ይችላል። የአስፕሪን አለርጂ ወይም የሚደማ የጨጓራ ቁስል ከሌለ 300 ሚሊ ግራም አስፕሪን ይታኘክ፤ ሰውዬው በራሱ አይንዳ።

ፊት በአንድ ጎን ከወደቀ፣ አንድ እጅ አልነሣ ካለ፣ ንግግር ከተሳሰረ ስትሮክ ነው። ለዚህ አስፕሪን አይሰጥ፤ ደም ፈሶ ሊሆን ይችላልና። ውኃም ቢሆን በአፍ አይግባ፤ ያንቃል። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ጻፉ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ግፊቱ 180/120 ከሆነና ከነዚህ ምልክቶች አንዱ፣ ወይም የዓይን መጨለም ካለ ድንገተኛ ነው። ምልክት ከሌለ ግን 5 ደቂቃ አርፈው ይድገሙ፤ እንደዚያው ከሆነ በዚያው ቀን ይታዩ፤ የጎረቤት ክኒን ውጦ በአንዴ ማውረድ ራሱ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል።

የአምቡላንስ ቁጥር ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል 907፣ አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ ዐረቢያ 997፣ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች 998 ነው። ስልክዎ ላይ መዝግበው፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ስምና መጠን የያዘ ወረቀት ቦርሳዎ ውስጥ ያኑሩ።